ከሊብሬው ጀርባ

(አዲስ አበባ ውስጥ በድሮ መኪና ወዳጆች መሰባሰቢያ ላይ ያደረግሁት ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አረፈዳችሁ ወዳጆቼ። ግቢ ውስጥ የቆሙትን መኪኖች እያያችሁ ስለገባችሁ አሁን ቁጭ ብሎ ንግግር መስማት ሊከብዳችሁ ይችላል። ይገባኛል። እኔም ስገባ ዓይኔ ያቺ ክሬም ፔጆ 404 ላይ ቀርቶ ነበር። ግን ትንሽ ታገሡኝ። ዛሬ የማወራው ከብረቱ ጋር አብሮ ስለሚሄደው ወሬ ነው።

በአንድ መኪና ልጀምር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንዲት ቮልስ ገዛሁ። ሻጯ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። መኪናዋን ባለቤታቸው ነፍሳቸውን ይማርና ከካምፓኒ አዲስ ያወጧት ናት። ዋጋ ተስማማን፣ ውል ተዋዋልን፣ ሊብሬዋን ተቀበልኩ። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር አለ። የሞተር ቁጥር አለ። ቀለም፣ የተሠራችበት ዘመን፣ የባለቤት ስም አለ። ሁሉም ነገር ተጽፏል ብዬ ደስ አለኝ። ሴትዮዋ ቁልፉን ሊሰጡኝ ሲሉ ኮፈኗን በእጃቸው ዳበስ አደረጉና «ልጄ፣ ይቺ መኪና ሦስት ልጅ አዋልዳለች» አሉኝ።

«እንዴት እትዬ?» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ሰፈሩ ውስጥ ሌላ መኪና አልነበረም። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር የእነሱ በር ይንኳኳል። ባለቤታቸው በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወጥተው ሞተር ያስነሳሉ። እርሳቸው ከኋላ ወንበር ላይ ምጥ የያዛትን ደግፈው ይቀመጣሉ። ሁለቱ ልጆች ሆስፒታል ደርሰው ተወለዱ። ሦስተኛዋ ግን አልጠበቀችም። እዚያው መንገድ ላይ፣ የኋላ ወንበሩ ላይ ተወለደች። ስሟን ነግረውኛል። የእናቷን ስም፣ ቤታቸው የት ጋ እንደነበር፣ የዚያን ሌሊት ዝናብ እንዴት እንደነበር ሁሉ ነግረውኛል።

አልጻፍኩትም። በኋላ ተመልሼ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ክረምት ልጠይቃቸው ስሄድ በራቸው ላይ ድንኳን ተተክሎ ደረስኩ።

የቮልስ ባለቤቶች እንደምታውቁት ባትሪዋ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የሻንሲ ቁጥሩም የተመታው እዚያው ወንበር ሥር፣ መሐል ለመሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ነው። አንድ ቀን ባትሪ ልቀይር ወንበሩን አነሳሁ። ጥግ ላይ፣ አቧራና የተበጣጠሰ የወንበር ገለባ መሐል አንድ ወረቀት አገኘሁ። የቤንዚን ኩፖን ነው። የደርግን ዘመን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። ነዳጅ በራሽን ነበር። ይቺ ኩፖን ሳይቀዳባት የቀረች ናት። በዚያን ጊዜ ቤንዚን ምን ያህል ብርቅ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ኩፖን ጥሎ አይረሳም። ታዲያ ለምን ቀረች? ለክፉ ቀን፣ ለሌሊት ጥሪ ተቀምጣ ይሆን? የሚነግሩኝ ሰው በሕይወት አልነበሩም።

ቮልስ ለአገራችን ተራ መኪና አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሲያወርድ ከቤተ መንግሥታቸው ይዞ የወጣው በቮልስዋገን ነው። ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት ከቤታቸው የወጡት በዚያች ትንሽ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። እኔ ሁልጊዜ ሁለቱን ወንበሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ አያቸዋለሁ። በአንዷ ቮልስ የኋላ ወንበር ላይ የዘውድ ዘመን አበቃ። በሌላዋ የኋላ ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ተወለደች። የመጀመሪያውን ዓለም ሁሉ ጽፎታል። ሁለተኛውን መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ዛሬ ልለምናችሁ የመጣሁት ይሄንን ነው። በየመኪናችሁ ከሊብሬው ጋር ወሬዋ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ይቀመጥ። ለምን እንደሆነ እስቲ ከመነሻው ጀምሬ ላሳያችሁ።

መኪና አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ይዞ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ አዲስ አበባ ደረሰ። ያኔ የምድር ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበር የቆመው። ከዚያ ወዲህ በረሃ፣ ገደልና የበቅሎ መንገድ ነው። ለመኪና ተብሎ የተጠረገ ነገር የለም። እርሱ በደረሰበት ሰሞን አንድ ጀርመናዊም ናኬ የምትባል መኪና ይዞ መጣ። ምኒልክ አዲስ ነገር እንደሚወዱ ዓለም ያውቅ ስለነበር እሽቅድምድም ነበር። ምኒልክም አላሳፈሯቸውም። ተሳፍረው ሞከሯት።

ከእነዚህ መኪኖች በፊት ግን በራሱ የሚሄድ ሌላ ብረት መጥቶ ነበር። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ነው። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ሐዲድ የለው፣ ፉርጎ የለው፣ ግን ባቡር ተባለ። ያኔ እየጨሰ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ባቡር ነበር። ወፍጮውም ባቡር፣ መርከቡም ባቡር። ዛሬም ገጠር ስትሄዱ «እህሉን ባቡር ቤት ወሰድኩት» የሚል እናት ታገኛላችሁ። ያ ቃል ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈውን ድንጋጤ ይዞ እስከ ዛሬ አለ።

ቃል ካነሳሁ አይቀር ጋራዥ ውስጥ እንግባ። እኔ የአገራችን ትልቁ የመኪና ሙዚየም ያለው በመካኒኮቻችን አፍ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። መኪና፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ሹፌርና ጋራዥ ከፈረንሳይኛ መጡ። ለገሀርም ያው የፈረንሳዮቹ «ባቡር ጣቢያ» ነው። አሁን ደግሞ የእንግሊዝኛው ቃል ተራውን ይዟል። አንድ ወጣት መካኒክ «ማርሚታውን ፈትቼ ሴንሰሩን ልየው» ሲላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰባ ሰማንያ ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ትርጉማቸውን ስታውቁ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። ካንዴላ፣ ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለው፣ በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ ድስት ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ። ባሌስትራ፣ መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ሞላ፣ ደግሞ የጥንት ወታደር ቀስት የሚወነጭፍበት መሣሪያ ነው። የተደራረቡት የባሌስትራ ብረቶች እንዴት እንደሚጎብጡ አስቡና ለምን እንደተባለ ይገባችኋል። ከሁሉ የምወደው ግን ፍሬቻ ነው። ፍሬቻ ማለት ቀስት ነው። የዛሬው የሚያበራ የሚያጠፋ መብራት ከቀስት ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራች ቮልስ ያየ ሰው መልሱን ያውቃል። በበሩና በኋላ መስኮቱ መሐል ባለው ምሶሶ ውስጥ አንዲት አጭር ክንድ ተደብቃ አለች። ሹፌሩ ሊታጠፍ ሲል ማብሪያውን ይነካል፤ ክንዷ ከምሶሶው ውስጥ ጠብ ብላ ትወጣና ወደሚታጠፍበት ትጠቁማለች። እውነተኛ ቀስት ነበረች። ክንዷ ከመኪና ላይ ከጠፋች ስንት ዘመኗ። ስሟ ግን ዛሬ ጠዋት ከመገናኛ ወደ ቦሌ ሲታጠፍ «ፍሬቻ አሳይ እንጂ!» ብሎ በጮኸው ወያላ አፍ ላይ ነበረች።

የጣሊያኖቹ ቃል ብቻውን አልመጣም። ከወረራው ጋር፣ ከጦሩ ጋር መጣ። ይሄንን ሳናለዝብ መናገር አለብን። መንገዱን የሠሩት ጦርና ጭነት ለማመላለስ ነው። ጣርማበር ላይ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተራራውን የሚበሳው ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። የሊማሊሞ ጥምዝምዝም እንዲሁ። ወራሪው ሄደ፤ መንገዱና መኪኖቹ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የእኛ ሰዎች ታሪክ ናቸው። የተተወውን ፊያት ፈታትቶ፣ ከሦስቱ አንድ ሠርቶ ያስነሳው የእኛ መካኒክ ነው።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የነዳው ኤን ትሬ ነው። ፊያት 682 ኤን 3፤ የጣሊያንኛው ሦስት «ትሬ» ስለሆነ ኤን ትሬ ቀረ። ከእሱ በፊት የነበሩት ሹፌሮች ደግሞ ትሬንታ ኳትሮ ይነዱ ነበር፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው፣ ፊያት 634። ትንሿ ታክሲም ሴይቼንቶ፣ ስድስት መቶ ነበረች። ያ ትውልድ መኪናን በቁጥር ይጠራ ነበር፤ ግን ቁጥሩ ስም ሆኖ ሲጠራ ሰው ስለ ዘመዱ የሚያወራ ይመስላል።

አባዬ አሰብ ይመላለስ ነበር። አንድ ጊዜ፣ የክረምት ትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ፣ እስከ ኮምቦልቻ ይዞኝ ሄደ። ጣርማበር ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር የሆነውን ዛሬም አያለሁ። አባዬ ማርሽ ቀነሰ። ፍሬን አልነካም። «ይቺን ቁልቁለት በፍሬን የሚወርድ ሰው ታች አይደርስም፤ በማርሽ ነው የምትወርዳት» አለኝ። ሞተሩ እንደ ትልቅ በሬ እያጓራ መኪናውን ያዘው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ መርገጫው ላይ ቆሟል። በቀኝ እጁ የእንጨት ታኮ ይዟል። መኪናው ከተንሸራተተ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ሊወትፍ ነው። ጭጋጉ ፊቱን ሸፍኖት ጥርሱ ብቻ ይታየኝ ነበር፤ ይዘፍን ነበር። ደብረ ሲና ስንደርስ ታኮውን እግሬ ሥር አስቀመጠው። ጎኑ ተበልቶ ጠርዙ ክብ ሆኗል። ስንት ጊዜ ጎማ እንደነከሰው አስቡት።

የዚያን ረዳት ስም አባዬ ያውቅ ነበር። እኔ ጋ የቀረው «ማሙሽ» ብሎ ይጠራኝ እንደነበር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰማይ ልውሰዳችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግማሹ የመኪና ግማሹ የአውሮፕላን ወዳጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው ነገር ደግሞ ይሄ የምንተነፍሰው አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ጋር ሲተያይ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር፣ ማለት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ያለው መኪና ጂቡቲ ወደብ ላይ የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ሲደርስ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ይዝላል፣ ይጠጣል። የድሮ መካኒኮቻችን ካርቡራተሩን ፈትተው የቤንዚን ቀዳዳውን አጥብበው ለከፍታው ያስማሙት ነበር። አንዳንዶቹ መለኪያ መሣሪያ አልነበራቸውም። በጆሮና በካንዴላው ቀለም ነበር የሚያውቁት። ካንዴላው ቡኒ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥላሸት ከለበሰ ገና ነው።

አውሮፕላንም ያው ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ይደክማል፣ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሰዋል። እንግዲህ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የሆነውን በዚህ ዓይን እዩት። አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከጂቡቲ አስነስቶ አዲስ አበባ አሳረፈ። ወሩ ነሐሴ ነው። ደመናው፣ ጭቃው፣ ተራራው አለ። መንግሥት የገዛው የመጀመሪያው አውሮፕላን እንዲህ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የጀርመን ዩንከርስ ተከተለ።

በዓመቱ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ብቻቸውን በረሩ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ። ባቢቼፍ እዚሁ አዲስ አበባ ከሩሲያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱ ናቸው። በዚያው ሰሞን ከአሜሪካ፣ ከሐርለም የመጣው አብራሪ ሁበርት ጁሊያን ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ልምምድ ሲደረግ የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን አንስቶ ከሰከሰ። የጁሊያን ወሬ ብዙ ስለተወራ አልፈዋለሁ። ላቆይ የምፈልገው ጆን ሮቢንሰን ላይ ነው።

ሮቢንሰንን የመኪና ሰዎች የራሳችሁ አድርጋችሁ ልትይዟቸው ይገባል። አሜሪካዊ ጥቁር ናቸው። ቱስኬጊ በሚባለው የአሜሪካ ትምህርት ቤት የተማሩት የመኪና መካኒክነት ነው። በረራን ከመልመዳቸው በፊት እጃቸው በግሪስ የተነከረ ሰው ነበሩ። ለጥቁር ሰው የበረራ ትምህርት ቤት በር በሚዘጋበት ዘመን ቺካጎ ላይ ተምረው ሌላውንም አስተማሩ። በ1927 ዓ.ም. አገራችን መጡ፤ የአየር ኃይሉም አዛዥ ሆኑ። ጣሊያን አድዋን በቦምብ ሲደበድብ እዚያው ከተማው ውስጥ ነበሩ። መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን ከጠላት አውሮፕላን እየሸሹ መልእክት ያደርሱ ነበር። ከድሉ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተመልሰው መጥተው አብራሪዎችን አሠለጠኑ። መጋቢት 1946 ዓ.ም. በደረሰባቸው የአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። የተቀበሩትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ልጆቻችሁን ስለ አቪዬሽን ስትነግሯቸው ከእሳቸው ጀምሩላቸው።

ከዚያው ዘመን አንዲት አውሮፕላን አለች። «ፀሐይ»። ሉድቪግ ዌበር የተባለው ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ አቃቂ ላይ ሠራት። ስሟ የወጣው በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ነው። ሞተሯ ዋልተር ቬነስ ነው፤ 115 የፈረስ ጉልበት፣ ሰባት ሲሊንደር በክብ የተደረደረ። በ1928 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ተጀምሮ ሳለ፣ በረረች። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ማርኮ ወሰዳት። ሮም አጠገብ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ለረጅም ዘመን ቆየች። ጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ያን ቀን ዜናውን ስሰማ መኪናዬን ዳር አቁሜ ነበር ያዳመጥኩት።

ስለ ፀሐይ ሳስብ ግን ደስታዬ ውስጥ አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። የተረፈችው የማረከን ሰው ስላስቀመጣት ነው። መዝግቦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ጣሪያ ሥር ስላዋላት። እኛ ጋ የቀሩት ብዙዎቹ ማሽኖች ግን ወደ ምናለሽ ተራ ሄደው ላሜራቸው ተቆርጦ ምድጃና ባልዲ ሆነዋል። በምድጃው አልከፋም። ድሃ አገር ብረት አይጥልም። የሚያስከፋኝ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሰው እንኳ ፎቶ አለማንሳቱ ነው።

እኔ ራሴ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። መጋዘን ሲጸዳ የድሮ ተሽከርካሪዎች የጥገና መዝገብ በርሜል ውስጥ ሲቃጠል ደረስኩ። ጥቁር ሽፋን፣ ቀይ ጀርባ ያላቸው ትላልቅ መዝገቦች ናቸው። የትኛው መኪና መቼ ዘይት እንደተቀየረለት፣ ማን እንደፈታው፣ ማን እንደፈረመ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። አንዱን እንኳ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። «ይወገድ ተብሏል፣ ትዕዛዝ ነው» አሉኝ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ማንም ዋጋ አለው ብሎ አልነገራቸውም።

ወደ ሰማዩ ልመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ቲ ደብልዩ ኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ካይሮ ነበር። አውሮፕላኖቹ ከዓለም ጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ናቸው፤ የሲቪሉ ስማቸው ዲሲ-3 ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚያ አውሮፕላኖች ሲጀምሩ እንደዛሬው በረድፍ የተደረደረ ወንበር አልነበራቸውም። በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፤ መሐል ላይ ጭነት አለ።

ይሄ አቀማመጥ ምን አስታወሳችሁ? ውይይት! ከኋላው ሸራ ያለው፣ ሁለት አግዳሚ ያለው፣ ተሳፋሪ ጉልበት ለጉልበት የሚገጣጠምበት ያ ፔጆ ታክሲ። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ስለነበር ፊት ለፊት ተያይቶ መቀመጡን ሕዝቡ ውይይት አለው። እኔ የአየር መንገዳችንም አጀማመር ውይይት ነበር እላለሁ። ነጋዴው፣ መነኩሴው፣ ሹሙ ተፋጥጠው ተቀምጠው፣ ቆዳና ቡና መሐላቸው ተቆልሎ፣ ጆሯቸውን ሞተሩ እየደነቆረው ተራራ ያልፉ ነበር። በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀው መንገድ በሰዓታት አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በዚሁ አውሮፕላን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆኑ።

ያኔ ማረፊያው ልደታ ነበር። ጄት ሲመጣ ልደታ አጠረ፤ ቦሌ ተሠራ። ቦይንግ 720ዎቹ በ1955 ዓ.ም. ገቡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ አየር መንገዱ ራሱ በደንብ ይዞታል፤ ለእኛ የሚቀረን ልደታ ነው።

ስለ ልደታ ከማውቀው የሚበልጠውን የሰማሁት እዚህ ፊተኛው ረድፍ ላይ ከተቀመጡት ጋሼ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ አልወድም ብለውኛል። የዲሲ-3 ቴክኒሺያን ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት የመጀመሪያ ሥራቸው ፕሮፔለሩን በእጅ መግፋት ነበር። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። የዚያ ሞተር 14 ሲሊንደሮች በክብ ነው የተደረደሩት። ሌሊቱን ሲቆም ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ሳይገፉ ካስነሱት ዘይት አይታመቅምና ፒስተኑ የሚሄድበት ያጣል፤ ብረቱ ይታጠፋል። ስለዚህ አንዱ ምላጩን ይገፋል፣ ለሚቀጥለው ያስረክባል፣ ሌላው ይቀጥላል። በልደታ ውርጭ፣ በባዶ እጅ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ተነስተው ቆሙ። እጃቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ፤ ቀኝ እግራቸውን ወደ ኋላ አደረጉ፤ ምላጩ የሌለበትን አየር ወደ ታች ገፉና ወዲያው ወደ ጎን ራቅ አሉ። ከስንት ዘመን በኋላ ሰውነታቸው መራቅን አልረሳም። ይሄንን የትኛው መዝገብ ይይዘዋል?

አሁን ስላለንበት ጊዜ ትንሽ ልበል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በቆዩ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። በኤሌክትሪክ መኪና ቅር የሚለኝ ነገር የለም። የከተማችን አየር ቢጠራ የልጆቼ ሳንባ ነው የሚጠቀመው። ግን ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ እንወቀው። የድሮ መኪና ከእንግዲህ ከውጭ አይመጣም። ያለን ይሄው ነው። ሐረር ጀጎል በር ላይ የቆሙት ፔጆ 404ዎች፣ ድሬዳዋ ዎርክሾፕ ውስጥ ያሉት የድሮ ባቡሮች፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ላዳዎች፣ በየሰው ግቢ ሸራ የለበሱት ቮልሶች። አንዷ ስትሄድ ቁጥሩ በአንድ ይቀንሳል።

ላዳን ስላነሳሁ፣ እባካችሁ ላዳን አትናቁ። ብዙ ሰው ቮልስ ሲያድስ አይቼ ላዳ ሲያድስ ግን አላየሁም። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት። ሩሲያኖች ከፊያት ፈቃድ ገዝተው ለራሳቸው መንገድና ብርድ አጠንክረው የሠሯት። የፊያትን ቋንቋ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ መካኒክ ስትመጣ እንግዳ አልነበረችም። ከእናንተ መሐል በላዳ ታክሲ ያልተሳፈረ፣ በላዳ ሙሽራ ያላጀበ፣ በላዳ በሽተኛ ያላመላለሰ የለም። ታክሲዎቹ አንድ በአንድ እየወጡ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት የነዷቸው ሹፌሮች አሁን አሉ። ቡና ጋብዟቸው። ዘንድሮ።

እንዴት ይጠየቃል ላላችሁኝ፣ እኔ ከስሕተቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። «ታሪክ ንገሩኝ» አትበሉ። ሰው እንዲህ ሲባል ጋዜጣ ያነበበውን ነው የሚነግራችሁ። አንድ ዕቃ እጃቸው ላይ አስቀምጡ። የተቃጠለ ካንዴላ፣ የድሮ ቁልፍ፣ የተሰነጠቀ መሪ። እጅ ዕቃ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ መለዋወጫ ስትገዙም ዋጋ ተከራክራችሁ አትውጡ። ዕቃው ከየትኛው መኪና እንደወጣ ጠይቁ፣ የሚያውቁ አሉ። መኪና ስትገዙ ሻጩን ሦስት ጥያቄ ጠይቁና ፊታቸው ጻፉ፤ መጀመሪያ ማን ገዛት፣ ሩቅ የሄደችው የት ነው፣ ማን ጠገናት። የመካኒኩን ስም እባካችሁ ጻፉ። ፊያትን፣ የመኪና ቅርጽ ነዳፊውን ፒኒንፋሪናን ሁሉም ያውቃል። መኪናዋን ሃምሳ ዓመት በሕይወት ያቆያት ግን ተክለሃይማኖት አካባቢ ቱታ ለብሶ መሬት ላይ የተጋደመው ሰው ነው።

ፎቶ ስታነሱም ቀለሟን ብቻ አታንሱ። የሻንሲ ቁጥሩን አንሱ። የተበየደውን ቦታ አንሱ። ከሌላ መኪና መጥቶ የተገጠመውን ዕቃ አንሱ። ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ኦሪጅናል ያልሆነ ቡሎን ሲያዩ ይከፋቸዋል። እኔ እንደዚያ አላስብም። ዕቃ በማይገባበት ዘመን አንድ ሰው ከትራክተር ላይ ፈትቶ፣ በሞረድ ሞርዶ ያስማማው ቡሎን ከፋብሪካው ቡሎን የበለጠ ይነግረኛል። የእኔ ቮልስ ላይ እንዲህ ያለ አንድ አለ። አዲስ ዕቃ ተገኝቶልኝ ነበር። አልቀየርኩትም።

በጣም አስቀመጥኳችሁ። ሻይ ቀርቧል፤ ዳቦውም ትኩስ ነው። ቮልሷ ሾላው ዛፍ ሥር ናት፣ በሯ አልተቆለፈም። ልጆች ወንበሩን አንስተው የሻንሲ ቁጥሩን ማየት ይችላሉ፤ ባትሪውን ብቻ እንዳይነኩ። ደብተሯ የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሦስት ልጅ አዋልዳለች» ይላል፤ ከሥሩ ለስም የተተወ ባዶ መስመር አለ። በሰባዎቹ ውስጥ በዝናብ ሌሊት ቮልስ ውስጥ መወለዷን እናቷ የነገረቻት ሴት ካወቃችሁ እኔ ጋ አምጡልኝ። ጋሼ ደግሞ የዲሲ-3ን አነሳስ ቆመው ሊያሳዩን ፈቅደዋል። ራቅ ራቅ ብላችሁ ቁሙላቸው፤ ቦታ ይፈልጋሉ።